ለሁለቱም የሰጠሁት ሥር

ለባሌ እኅት፣

ሰላምታ ከማቅረቤ በፊት ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን አስቀድማለሁ፤ የማን ደብዳቤ እንደሆነ ስታዪ ሳታነቢው ቀደሽ ልትጥዪው ትችያለሽና። ወንድምሽ ከመሞቱ በፊት በነበሩት ቀናት ኢምፒላ የሚባለውን ሥር ፍቄና ቀቅዬ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ሐኪሞቹ ሌላ ነገር ወስዶ እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ምንም» አልኳቸው። ከዚያ በኋላም ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። አንቺ ምንም አላደረግሽም።

አሁን ሰላም ልበልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ስኳሩ እንዴት አደረገሽ? ልጄ ሙዚ ባለፈው በታክሲ ኒውካስል ከተማ ለቀብር ሄዶ ልጅሽን አግኝቷት ነበር፤ አድራሻሽን ያመጣልኝ እሱ ነው። አንድ ዓይንሽ እንደደከመ ነግራዋለች። ለዚህ ነው ፊደሉን አተልቄ የምጽፈው፤ ወረቀቱ ቢበዛ አትደንግጪ። እኔ ከደም ግፊቴ በቀር ደህና ነኝ። ያ ክብ ጎጆ ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል። የውኃ ቧንቧ ግቢያችን ድረስ ገብቷል፤ ውኃ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው።

መጻፌ ሊገርምሽ ይችላል። አንቺ በነበርሽ ጊዜ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። ከወንድምሽ ሞት በኋላ ነው የተማርኩት፤ ማንም አላስተማረኝም። ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን ጋዜጣ ከመዝሙር መጽሐፉ ጋር እያስተያየሁ ጀመርኩ። ከዚያ የዱቄት ከረጢቱን፣ የሳሙናውን መጠቅለያ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ሆነ። በስምንተኛው ዓመት ክሊኒክ ተሰልፌ ሳለሁ ግድግዳው ላይ በእኛው ቋንቋ የተጻፈ ትልቅ ወረቀት አየሁ፤ የሳንባ ነቀርሳ ክኒን የሚወስድ ሰው የባህል መድኃኒት እንዳይቀላቅል፣ ጉበቱን ሊገድለው እንደሚችል ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ተራዬ ሲደርስ ሳልታከም ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን እርግጠኛ አልሆንኩም። ይወስደው የነበረው የነቀርሳ ክኒን ይሆናል፣ የሠራበት የማዕድን ጉድጓድ አቧራ ይሆናል፣ ቀኑ ደርሶ ይሆናል እያልኩ ቆየሁ። እንድጽፍልሽ ያደረገኝ ውሻ ነው። አትሳቂብኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ሙዚ ፓርኩ ውስጥ ውሻ ይዞ የአውራሪስ ገዳዮችን ዱካ የሚከታተል ዘበኛ ሆኗል። ውሻው ፍሊንት ይባላል። ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ አንድ ጊዜ ሙዚ መርዛማ እባብ ሊረግጥ ሲል ፍሊንት ሱሪውን ነክሶ ወደ ኋላ ጎትቶታል። በየካቲት የኋላ ጭኑ ላይ እብጠት ወጣበት። የፓርኩን እንስሳት የምታክመው ዶክተር ናይከር ቆርጣ አወጣችው። ካንሰር ነው፣ ጠርዙ ላይ የቀረ አለ አለች። በየሦስት ሳምንቱ አንድ እንክብል እንዲወስድ ታዘዘለት። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ውሻ ሽንቱ ለጥቂት ቀናት ስለሚመርዝ ከሌሎቹ ጋር አይታሰርም። ስለዚህ ሙዚ ወደ እኔ አመጣው። ሕክምናው የፓርኩ ነው፤ የእኔ ሥራ ማስታመም ብቻ ነበር።

ዶክተሯ እንክብሉን በባዶ እጄ እንዳልነካ ጓንት ሰጠችኝ። ፍሊንት የሸናበት ላይ ባልዲ ሙሉ ውኃ አፈስስ ነበር። ጎረቤታችን ማምቴምቡ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣች ናት፣ አጥሩ ላይ ተደግፋ ስታየኝ ሣቋን መያዝ አቃታት። «አንቺ ሴትዮ፣ ለባልሽ ያላደረግሽውን ጓንት ለውሻ ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። የፓርኩ መኪና ሊወስደን ሲመጣ ደግሞ ፍሊንት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ እኔ ከኋላ ስሳፈር አየችና፣ «እኔ ጉልበቴን ይዤ ክሊኒክ ስሰለፍ እውላለሁ፣ ውሻ ጋቢና ይሄዳል! ሌላ ጊዜ ስታመም በውሻ ስም አስመዝግቡኝ!» ብላ መንደሩን አሳቀችው። የራሷን ውሻ «ይሰማሉ» ብላዋለች፤ ምራቶቿ እንዲሰሙ ያወጣችለት ስም ነው። በቀን አሥር ጊዜ ወደ እነሱ ቤት ዞራ፣ «ይሰማሉ! ና ውጣ ከዚያ፣ እዚያ ቤት አጥንት እንኳ አይሰጡህም!» እያለች ትጣራለች።

ከሁለተኛው እንክብል በኋላ ደሙ ሲመረመር የጉበቱ ቁጥር ወደ ላይ ወጥቶ ተገኘ። ዶክተር ናይከር ወረቀቱን አሳየችኝ። «እማማ፣ ይህ መድኃኒት ካንሰሩን ሲመታ ጉበቱንም ያደክመዋል። ያልጠበቅነው ነገር አይደለም። ግን ጉበቱ እስኪያርፍ ድረስ ሦስተኛውን እናዘገየዋለን፣ ስንሰጠውም እንቀንሰዋለን» አለችኝ። ለጉበቱ ሌላ ክኒን ሰጠችኝ። በባዶ ሆዱ ነው የሚውጠው፤ ከዋጠ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ምግብ አያገኝም። በሥጋ ጠቅልዬ ላታልለው አልችልም ማለት ነው። መንጋጋውን ከፍቼ፣ ክኒኑን ከምላሱ ጀርባ አስቀምጬ፣ አፉን ይዤ ጉሮሮውን ከላይ ወደ ታች አሸዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉንጩ ውስጥ ደብቆ ይሄድና ከበሩ ጀርባ ይተፋው ነበር። ስይዘው ጆሮውን ጥሎ ሌላ ውሻ የተፋው ይመስል ወደዚያ ያያል።

ምግቡ ቆዳው የተገፈፈ የተቀቀለ ዶሮና ሩዝ ሆነ፤ በቀን አራት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ። ስብ ተከለከለ። በየማለዳው ወደ መስኮቱ አምጥቼ ከንፈሩን ገልበጥ አድርጌ ድዱን፣ ከዚያ የዓይኑን ነጭ፣ ከዚያ የጆሮውን ውስጥ አያለሁ። ቢጫ ካየሁ መደወል አለብኝ። ካስታወከም እንደዚሁ። ደብተር ላይ እጽፍ ነበር፦ ድድ ሮዝ። ዓይን ነጭ። በላ። እንዲህ እያደረግሁ ሳለሁ ወንድምሽ ትዝ ይለኛል። እሱንም እንዲህ መስኮት ዳር አምጥቼ ባየሁት ኖሮ እላለሁ። ምን እንደሚታይ አላውቅም ነበር።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ቁጥሩ ወረደ። ሦስተኛውን እንክብል ቀንሳ ሰጠችው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቢጫ አረፋ አስታወከ፣ ዶሮውንም አሽትቶ ትቶት ሄደ።

ዶክተሯ ስልኳን በትልቁ ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋልኝ ነበር። አልደወልኩም። ማምቴምቡ አጥሩ ላይ ሆና አየችው። «ሐሞት ነው ይሄ! ሐሞቱ ሞልቶ ነው። ዶክተርሽ የተማረችበት አገር ሐሞት የለም እንዴ? አጠቢውና ይውጣለት!» አለች። እንዴት እንደሆንን አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰው ካቅለሸለሸው፣ አፉ ከመረረውና ቢጫ ካስታወከ ሐሞት ነው፤ ሐሞት ደግሞ ታጥቦ መውጣት አለበት። እናቴ እኔንም ልጅ ሳለሁ በዚያው ሥር አጥባኛለች፤ አልሞትኩም። ወንድምሽም የነቀርሳው ክኒን አላስበላ ሲለው፣ ቢጫ ሲያስታውክ፣ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ገበያ ሄጄ ሥሩን ገዛሁ፣ ጓሮ ቀቀልኩ፣ በኩባያ ክዳን እየለካሁ ሁለት ቀን አጠጣሁት። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሆስፒታል ገብቶም ሁለት ቀን አልቆየም።

ማምቴምቡ አሳሳተችኝ ማለቴ አይደለም። እሷ ተናግራ ወደ ጎመኗ ተመለሰች። በማግስቱ ታክሲ ተሳፍሬ ገበያ የወረድኩት እኔ ነኝ። ያን ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀት አንብቤ፣ ሃያ ዓመት ሳሰላስለው ኖሬ፣ ለምን ገዛሁ ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። እውነቱን ልንገርሽ። ፍሊንት ጠጥቶ ከተሻለው፣ ወንድምሽን የገደለው ሥሩ አይደለም ማለት ይሆንልኛል ብዬ ነው። በክዳን ለክቼ ሰጠሁት። በምላሱ ላሰው፤ ከእጄ የተሰጠውን ይወስዳል። ደብተሩ ላይ የዚያን ቀን ምንም አልጻፍኩም። በማግስቱም ደገምኩለት።

ሰኞ ጠዋት ወደ መስኮቱ ስጠራው አልተነሳም። ጎንበስ ብዬ ከንፈሩን ገለበጥኩ። ድዱ የበሰለ ማንጎ መስሏል።

ሙዚ መኪናውን እንዴት እንደነዳው አላውቅም። ዶክተር ናይከር ደሙን ቀድታ መሣሪያው ውስጥ አስገባች፤ መሣሪያው ቁጥሩን መስጠት አቃተው፣ ከሚለካው በላይ ሆኖበት። ጉሉኮስ ሰካችለትና ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ሌላ የሰጠሽው ነገር አለ? የሕመም ማስታገሻ? ቅጠል፣ ሥር፣ ምንም ነገር?»

«ምንም» አልኩ። ቃሉ ሳላስበው ነው የወጣው፤ ያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ።

ሙዚ ጎኔ ቆሞ ነበር፤ «እናቴ ደብተር እንኳ ይዛለች፣ ዶክተር። ከታዘዘው ውጪ አትሰጠውም» አላት። እሷም ደብተሩን አገላበጠች። ከዚያ፣ «እንግዲያው እኔ ነኝ» አለች። «የቀነስኩት አልበቃም። ቀድሜ ደሙን ማየት ነበረብኝ። ለፓርኩ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ እጽፋለሁ፤ ሌሎቹን ውሾች ሌላ ሰው ያክማቸው» ብላ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት እንኳ የሞላት አይመስለኝም። ፍሊንት ሲመጣ ሁልጊዜ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ አብራው የምትቀመጥ ልጅ ናት።

ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሙዚ ሻይ ላምጣልሽ ብሎ ሄደ። በመስኮቱ አያታለሁ፤ ትጽፋለች፣ ታቆማለች፣ ዓይኗን በክንዷ ትጠርጋለች፣ እንደገና ትጽፋለች።

ያን ጊዜ ያሰብኩት አንቺን ነው። ከቀብሩ በኋላ ታላቅ ወንድማችሁ ኤልፋስ ሁላችንን ሰብስቦ አዋቂዋ ቤት ወሰደን። አዋቂዋ «መርዝ ያበላው የሴት እጅ ነው» አለች፤ ስም አልጠራችም። አንቺ ትዳርሽን ትተሽ ከመጣሽ ዓመት አልሞላሽም፣ ስለ ጎጆው ቦታ ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቃችሁ ነበር፣ ገንፎውንም የምትሠሪለት አንቺ ነበርሽ። ኤልፋስ «ታዲያ ሌላ ማን ነው?» አለ። ሁሉም ወደ አንቺ ዞረ። አንቺ ወደ እኔ ዞርሽ፣ አንድ ጊዜ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። በሦስተኛው ቀን ልጅሽን አዝለሽ ሁለት ፌስታል ይዘሽ ወጣሽ፤ አጥሩ በር ላይ ማንም አልሸኘሽም። እኔ ወጥ እያማሰልኩ ነበር። አሮ ነበር፣ ማማሰሌን አላቆምኩም።

ተነሥቼ ገባሁ። «ሥር ሰጥቼዋለሁ» አልኳት። «ኢምፒላ። ቅዳሜና እሑድ።»

አልተቆጣችም። ብዕሯን ጣለችና ተነሣች። «ስንት?» አለች። የክዳኑን ልክ በጣቴ አሳየኋት። «ቀቅለሽ ነው? የቀረው አለ? ያስታወከው ከሥሩ በፊት ነው በኋላ?» ሁሉንም መለስኩ። እየሮጠች ስኳሩን ለካች፤ ይህ ሥር የደም ስኳርን ይጥላል አለች፤ ወርዶም ተገኘ። ሌላ መድኃኒት ወደ ጉሉኮሱ ጨመረች። እጇ እየሠራ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ከዚህ በፊት ለማን ሰጥተሽ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ ምን ታየ? በስንተኛው ቀን? እማማ፣ ማወቅ አለብኝ» አለችኝ።

«ለባሌ» አልኩ። የታየውን ቀን በቀን ነገርኳት። ሦስተኛው ቀን፣ ዓይኑ። አራተኛው፣ ያልሆነ ነገር ማውራቱ። አምስተኛው። ስጨርስ ቀና አልኩ። ሙዚ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሁለት ኩባያ ሻይ ይዟል።

ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የእኔን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ ፍሊንት አጠገብ ተቀመጠ፣ እግሩን ያዘ።

ፍሊንት አምስት ቀን እዚያ ከረመ። ስኳሩ በየሰዓቱ ይለካ ነበር። በሦስተኛው ቀን መሣሪያው ቁጥር ማንበብ ቻለ፤ ዶክተሯ ስልክ ደውላ «አስቀያሚ ቁጥር ነው፣ ግን ቁጥር ነው!» አለችኝ። በስድስተኛው ቀን ወደ ቤት መጣ፤ አጥንቱ ይቆጠራል፣ ግን ከመኪናው ሲወርድ ይሰማሉን አይቶ ጮኸበት። ያ እንክብል ቀርቶለት ጉበቱን ያን ያህል የማይጎዳ መርፌ ጀምሯል። ካንሰሩ ይመለሳል ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ሊመለስ ይችላል» አለች። «አንድ መድኃኒት አጥተናል። ግን አሁን እያንዳንዱን ነገር ከነገርሽኝ እኔም እያየሁ እሄዳለሁ።» ለፓርኩ ስለጻፈችው ጠየቅኋት። «ቀድጄዋለሁ፤ የሆነውን ጻፍኩ» አለች። ስሜ አለበት። እንዳለበት ራሴ አነበብኩ።

ፍሊንት ከተመለሰ በኋላም ሙዚ ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ከ«እንደምን አደርሽ» በቀር አልተናገረም። በአራተኛው ጠዋት ክኒኑን ለመስጠት ፍሊንትን ይዞልኝ፣ እኔ ጉሮሮውን እያሸሁ፣ «አክስቴ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አታውቅም» አልኩት።

ቀኑን ሙሉ ይህን መልሴን ሳስብ ዋልኩ። ወንድምሽን በኤልፋስ መኪና ይዘን ስንወጣ ድስቱን ጓሮ፣ እሳቱ ላይ፣ የሥሩ ዝቃጭ እንዳለበት ትቼው ነበር። ከሆስፒታል ስመለስ ድስቱ በአሸዋ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተደፍቶ ይደርቅ ነበር። አመዱም ተጠርጓል። ያን ቀን ቤት የቀረሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ልጆቼን ይዘሽ ነው የጠበቅሽኝ፤ ሦስቱንም፣ ሙዚ አራት ዓመቱ ነበር። ስገባ እጅሽ እስከ ክርንሽ ጥቀርሻ ነበር። «አንቺ ብዪ፣ ልጆቹን አብልቻቸዋለሁ» ብቻ ነው ያልሽኝ።

እንዲህ ነበር ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። መልስ እንድትጽፊልኝም አልጠብቅም። ለሙዚ ግን «የምታውቅ ይመስለኛል» ብዬዋለሁ። «እኔ ነኝ የማደርስላት፣ በፖስታ እንዳትልኪው» አለኝ።

እሑድ የወንድምሽን የመቃብር ድንጋይ፣ የሸፈነውን ጨርቅ በሰው ፊት አንሥተን፣ እንገልጣለን። እስካሁን ድንጋይ አልነበረውም፤ ሙዚ ነው ያሠራለት። ፍየሉ ተገዝቷል፣ ማምቴምቡ ቢራውን እየጠመቀች ነው፣ «ለሰው የጠመቅሁት ነው፣ ለውሻ እንዳታስቀምሺ» እያለች። ብትመጪ ከድንጋዩ አጠገብ፣ በእኅት ቦታ ትቀመጫለሽ። ባትመጪም ያ ቦታ ማንም አይቀመጥበትም፤ ለሙዚ ነግሬዋለሁ።

ዓይንሽን ይማርልሽ። ስኳሩን ያቅልልሽ። ልጅሽና የልጅ ልጆችሽ በሰው ቤት ሳይሆን በገዛ ቤታቸው ያርጁ። ካንቺ ይቅርታ መለመን ያለበት ጉልበት የእኔ ነው፤ እጅሽ ላይ መድረስ ከቻልኩ በቃል እለምንሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት፣ ቃል ሳልቀይር። አንዱ ይኸው በሙዚ እጅ መጥቶልሻል። ሁለተኛውን እሑድ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጨርቁ ከድንጋዩ ላይ ሳይነሣ፣ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ካነበብኩት በኋላ ለታላቅ ወንድምሽ ለኤልፋስ እሰጠዋለሁ።

የወንድምሽ ሚስት